ዓይኔን ጨፍኜ ስተነፍስ ይብስብኛል፤ እንዲህ የሆነበት ሰው አለ?

የአላውሃ ልጅ — ሰኞ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። ብዙ ጊዜ እዚህ አንብቤ ነው የምወጣው፤ ዛሬ ግን መጻፍ ግድ ሆነብኝ።

የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ የትኛው ግቢ እንደሆነ ይቅር። ያደግኩት ሰሜን ወሎ ነው። በ2013 ክረምት ጦርነቱ እኛ ጋ ሲደርስ 9ኛ ክፍልን ገና መጨረሴ ነበር። እስከ 2014 ታኅሣሥ ድረስ እዚያው ነበርን። ያየሁትን አልዘረዝርም። ጎረቤታችንን በሌሊት እንደቀበርን፣ ጉድጓዱን ሲቆፍሩም ባትሪ ይዤ ያበራሁት እኔ እንደነበርኩ ብቻ ልንገራችሁ።

ከዚያ በኋላ ተማርኩ፣ ማትሪክ አለፍኩ፣ ሰው ሁሉ «ጠንካራ ልጅ» አለኝ። እኔም አመንኩ። ግቢ ከገባሁ በኋላ ግን ነገሩ መጣ። የዶርማችን በር ብረት ነው፤ ሰው ገፍቶ ሲዘጋው ከአልጋዬ እዘላለሁ። አምና የተመራቂዎች ቀን ርችት ሲተኮስ ራሴን ያገኘሁት አልጋ ሥር ነው። የዶርም ልጆች ሳቁ። ክፋት የላቸውም፣ አያውቁም። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እነቃለሁ፤ ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለም። ክፍል ውስጥ መምህሩ እያስተማረ እኔ እዚያ የለሁም፤ በኋላ ደብተሬን ሳየው ዓረፍተ ነገሩ መሃል ላይ ቆሟል።

ከወር በፊት የማይንድፉልነስ (ትኩረትን አሁን ባለው ነገር ላይ የማቆየት ልምምድ) ሥልጠና ተሰጠን። አዳራሽ ውስጥ ምንጣፍ ላይ አስተኙን፣ መብራቱን አጠፉ። ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ትንፋሻችሁን ተከታተሉ፣ ከእግር ጣታችሁ ጀምራችሁ ሰውነታችሁን አዳምጡ አሉን። ሌሎቹ ደስ አላቸው፤ አጠገቤ የነበረችው ልጅ እንቅልፍ ወሰዳት። እኔ ግን ደረቴ ላይ ስንደርስ ልቤ ይመታ ጀመር፣ እጄ ቀዘቀዘ፣ ከዚያ የዚያ ሌሊት የአፈር ሽታ መጣብኝ። እውነቴን ነው፣ ሽታው ራሱ። ተነስቼ ወጣሁ።

አሠልጣኙ በኋላ «ስላልለመድሽው ነው፤ በየቀኑ 20 ደቂቃ ሞክሪ፣ ስሜቱን አትሽሺው» አለኝ። ሁለት ሳምንት ሞከርኩ። ቅዠቱ ባሰብኝ። ሰው ሁሉ የሚረጋጋበት ነገር እኔን ለምን ያስጨንቀኛል? ጥፋቱ የኔ ነው?

ዶርም ያጣው — ሰኞ ማታ

እህቴ አይዞሽ። እኔም ከዚያው አካባቢ ነኝ፤ ግቢያችን ተዘርፎ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ከተመደብነው ነኝ። የኔ በሽታ የቆርቆሮ ጣሪያ ነው። ዝናብ ሲጀምር፣ የመጀመሪያዎቹ ትልልቅ ጠብታዎች ቆርቆሮውን ሲመቱት፣ እግሬ መሮጥ ይፈልጋል። ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ያንቺን ሳነብ ነው የጻፍኩት።

ወለተ ሚካኤል — ማክሰኞ ጠዋት

ልጄ፣ እናትሽ የምሆን ሰው ነኝ። ከውጭ የመጣው ሁሉ ለኛ አይሆንም። አባቶቻችን መቁጠሪያ ይዘው፣ ቆመው፣ 41 ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ሲሉ ልባቸው ያርፍ ነበር። ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሳሚ፣ ጠበሉን ጠጪ፣ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ። ብቻሽን አትሸከሚው።

ሲስተር ከተረኛ ክፍል — ማክሰኞ ሌሊት

የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ፤ ክልል ውስጥ ባለ አጠቃላይ ሆስፒታል እሠራለሁ። አዳር ላይ ስለሆንኩ ጊዜ አለኝ፤ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

የአላውሃ ልጅ፣ ጥፋት የለብሽም። ስንፍናም አይደለም፣ አለመልመድም አይደለም። ያጋጠመሽ ነገር የታወቀ ነው፤ ከባድ ነገር ያሳለፉ ሰዎች ዓይን ጨፍኖ ወደ ውስጥ የማዳመጥ ልምምድ ሲጀምሩ ይደርስባቸዋል። ሥልጠናው ከመጀመሩ በፊት ሊነገራችሁ ይገባ ነበር።

ለምን እንደሚሆን ልንገርሽ። አእምሯችን ውስጥ አሚግዳላ የሚባል ትንሽ ክፍል አለ፤ ሥራው ጥበቃ ነው። ሳናስበው አደጋን ለይቶ ልብን ያስሮጣል፣ ትንፋሽን ያሳጥራል፣ ደምን ወደ እግርና ወደ ክንድ ይልካል። ያን ጊዜ ሕይወትሽን ያተረፈው እሱ ነው። ሂፖካምፐስ የሚባለው ሌላው ክፍል ደግሞ አንድ ነገር የትና መቼ እንደሆነ ያስቀምጣል፤ «ይሄ አልፏል» የሚለው በሱ ነው። እንዲህ ባለ ሌሊት ፍርሃቱ ሲበረታ የሁለተኛው ሥራ ይታወካል። ስለዚህ ትዝታው ቀን ሳይጻፍበት ይቀራል፤ ሽታውና የልብ ምቱ ግን ይቀመጣሉ። ከዓመታት በኋላ ሲመጣ «ትዝ አለኝ» አትይም፤ አሁን እየሆነ ያለ ነው የሚመስልሽ።

አሁን አዳራሹን አስቢው። መብራት ጠፋ። ዓይንሽ ተጨፈነ። ግቢ ውስጥ መሆንሽን የሚያሳይሽ ነገር ሁሉ፣ የጓደኞችሽ ፊት፣ መስኮቱ፣ ከውጭ የሚታየው ዛፍ፣ በአንድ ጊዜ ተወሰደ። የቀረሽ ጨለማና የልብሽ ምት ነው። ያን ሌሊትም የነበረሽ ጨለማና የልብሽ ምት ነው። ጠባቂው ቢሳሳት ይፈረድበታል?

ልምምዱ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ጆን ካባት ዚን የሚባለው ሰው በ1979 እንደ ፈረንጆቹ፣ ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ውስጥ ሲጀምረው ሳምንታት የሚፈጅ፣ በሠለጠነ ሰው የሚመራ ትምህርት ነበር፤ የመጡትም ሕመማቸው አልለቅ ያላቸው ሰዎች ነበሩ። አሁን ከዚያ ውስጥ አንዱን ቁራጭ ወስዶ ብዙ ሰው በተሰበሰበበት አዳራሽ በአንድ ከሰዓት መስጠት ተለምዷል። ማን ምን አሳልፎ እንደመጣ አይጠየቅም። በተለይ በኛ አገር፣ በተለይ ከ2013 በኋላ፣ አዳራሹ ውስጥ አንቺን የመሰለ ብዙ ነው።

ለኔ ታካሚዎች የማደርገው የተገላቢጦሹን ነው። ዓይን አይጨፈንም። ጀርባሽን ለግድግዳ ሰጥተሽ፣ በሩ እየታየሽ ትቀመጫለሽ። ሁለቱንም እግርሽን መሬት ላይ አድርገሽ ጫማሽ ውስጥ ተረከዝሽ ሲጫን ታዳምጫለሽ። ከዚያ ትኩረትሽ ወደ ውጭ ይሄዳል፦ የምታዪውን 5 ነገር፣ የምትነኪውን 4፣ የምትሰሚውን 3፣ የሚሸትሽን 2፣ የምትቀምሺውን 1 በስሙ ትጠሪያለሽ። ድምፅ አውጥተሽ ብትጠሪው ይሻላል። ሽታ ላንቺ ችግር ከሆነ ሽታውን ዝለዪው፤ ማንም አይቆጥርብሽም። አንድ ደቂቃ ይበቃል። 20 ደቂቃ የሚባለውን እርሺው። መሃል ላይ ከከበደሽ ታቆሚያለሽ፤ ማቆም መቻልሽ ራሱ የልምምዱ አካል ነው። ያን ሌሊት ማቆም አልቻልሽም ነበርና።

ትንፋሽን መከታተል የሚያስጨንቅሽ ከሆነ ተዪው። የማያስጨንቅሽ ከሆነ፣ ስታስወጪ ከምታስገቢው ረዘም አድርጊ፤ 4 እየቆጠርሽ አስገቢ፣ 6 እየቆጠርሽ አስወጪ። በረጅሙ ስናስወጣ የልብ ምት ዝግ ይላል።

ሌሊት 9 ሰዓት ስትነቂ፦ መብራት ካለ አብሪ፣ ከሌለ የስልክሽን። እጅሽን በቀዝቃዛ ውኃ ታጠቢ። ከዚያ ለራስሽ ንገሪው፣ «ዛሬ ረቡዕ ነው፤ 2018 ነው፤ ያለሁት ዶርም ነው፤ ከላይ ያለችው እገሊት ናት፤ ታንኮራፋለች።» ቀን ያልተጻፈበት ትዝታ ላይ ቀን እየጻፍሽበት ነው።

«ስሜቱን አትሽሺው» ያለሽ ሰው ያለው ነገር ሥር አለው፤ የሰቆቃ ትዝታን ቀስ በቀስ መጋፈጥ የሕክምናው ዋና ክፍል ነው። ግን በደረጃ፣ በቀን ብርሃን፣ ሙያው ካለው ሰው ጋር። ለብቻ፣ በሌሊት፣ ከቅዠት በኋላ አይደለም።

አሁን ስለ ሕክምናው። የጻፍሽው ምልክት (መባነኑ፣ ቅዠቱ፣ ያን ሌሊት እንደገና መኖሩ፣ ከክፍል «መጥፋቱ») ከአንድ ወር በላይ ከቆየና ኑሮሽን ካወከ መታየት አለበት። ፒቲኤስዲ (ከሰቆቃ በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ሕመም) ነው አይደለም የሚለውን በመድረክ ላይ አልወስንም፤ የሚያይሽ ሰው ይወስን። ብዙ ሰው የአእምሮ ሕክምና ሲባል አማኑኤል ብቻ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። በየክልሉ ያሉ ብዙ አጠቃላይና ሪፈራል ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያን ተከትለው የሠለጠኑ ባለሙያዎች ያሉባቸው ጤና ጣቢያዎችም አሉ። ከግቢው ክሊኒክ ሪፈር ይጻፍልሽ። መድኃኒት ካስፈለገ፣ ለምሳሌ ፍሉኦክሰቲን፣ ለውጡ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ በሦስተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብለሽ አታቁሚ።

ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል፣ የጻፉትን በአክብሮት አንብቤዋለሁ። ቆሞ፣ ዓይንን ገልጦ፣ መቁጠሪያውን በጣት እየነኩ፣ በድምፅ እየቆጠሩ መጸለይ እኔ ከላይ ከጻፍኩት ብዙም አይርቅም። የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፦ ጠበሉ ከመድኃኒቱ ጋር ይሁን፤ መድኃኒት አስጥለው አይውሰዷት። በዚያ ምክንያት ብሰው ሲመለሱ ያየኋቸው ልጆች አሉ።

አንድ ነገር ደግሞ ለሁላችሁም። መኖር የሚያስጠላ፣ መሞት የሚያስመኝ ሐሳብ ከመጣ ያን ሌሊት ብቻችሁን አትደሩ። አንድ ሰው ቀስቅሱ፣ ለፕሮክተር ንገሩ፣ ቅርብ ያለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። እኛ የምናድረው ለዚህ ነው።

ከቦርከና ማዶ — ረቡዕ

ሙስሊም እህትሽ ነኝ፣ ኮምቦልቻ። ከሰላት በኋላ ሱብሃነላህ 33 ጊዜ ስል በጣቶቼ መገጣጠሚያ ነው የምቆጥረው፤ ተስቢህ (መቁጠሪያ) አልይዝም። ሲስተር ያለችውን ሳነብ ገባኝ፣ ለካ ጣቴን መንካቱ ነው እዚህ የሚያቆየኝ።

መንገደኛ — ረቡዕ

ቅር እንዳትሰኙ። ጦርነት ያላየ ማን አለ? አያቶቻችንም አይተዋል፤ ማይንድፉልነስም ሐኪምም ሳይኖራቸው ልጅ አሳድገዋል። ሁላችንም በሽተኛ ነን ማለት ነው?

ሲስተር ከተረኛ ክፍል — ረቡዕ

አይደለም። ከባድ ነገር ካዩ ሰዎች አብዛኞቹ ያለ ሕክምና በጊዜ ብዛት ያገግማሉ፤ ዘመድ፣ ለቅሶ ደራሽ፣ ሥራ ያግዛቸዋል። የማይለቃቸው ግን አሉ፤ ድክመታቸው አይደለም። አያቶቻችንን በተመለከተ፣ እኔ የአባቴን አባት አስታውሳለሁ። በሬዲዮ የጦር ሜዳ ሙዚቃ ሲሰማ ከቤት ወጥቶ በረት ውስጥ ይቀመጥ ነበር። ልጅ ሳለን «አመሉ ነው» ይሉን ነበር። አሁን ሳስበው ያሳዝነኛል።

ከሚኒያፖሊስ — ሐሙስ

እዚህ አሜሪካ፣ ክሊኒክ ውስጥ ለአማርኛ ተናጋሪዎች አስተርጓሚ ሆኜ እሠራለሁ። ሁለት ነገር ልበል።

የመጀመሪያው፣ እዚሁ እኛ ከተማ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ውስጥ የተሠራ፣ በ2015 እንደ ፈረንጆቹ የታተመ ጥናት አለ። ፒቲኤስዲ ያለባቸው 116 የቀድሞ ወታደሮች በሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ የማይንድፉልነስ ኮርሱን ወሰዱ፤ ግማሾቹ ደግሞ አሁን ባለው ኑሯቸው ችግር ላይ እየተወያዩ በቡድን ታከሙ። ኮርሱ ካለቀ ከ2 ወር በኋላ ምልክታቸው ትርጉም ባለው መጠን ቀለለልን ያሉት ከመጀመሪያዎቹ 49 በመቶ፣ ከሁለተኛዎቹ 28 በመቶ ናቸው። ግን ከሕመሙ ሙሉ በሙሉ ወጥተዋል የተባሉት ሰዎች ድርሻ በሁለቱ መካከል ልዩነት አልነበረውም። እኔ ከዚህ የምረዳው ይረዳል፣ ብቻውን ግን አይፈውስም የሚለውን ነው። እነዚያ ሰዎች ደግሞ በየሳምንቱ የሚያገኙት ባለሙያ ነበራቸው።

ሁለተኛው ቃል ነው። ሐኪሙ «ይጨነቃሉ?» ብሎ ሲጠይቅ የኛ ሰው «ኧረ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ትንሽ ቆይቶ «ብቻ ጭንቅላቴን ያቃጥለኛል፣ አናቴ ላይ አንድ ነገር ይሄዳል፣ ሰውነቴ ይደነዝዛል» ይላል። ጭንቀቱን እየነገረው ነው። የአላውሃ ልጅ፣ ስትሄጂ እዚህ እንደጻፍሽው ንገሪያቸው። በሩን፣ ርችቱን፣ የአፈሩን ሽታ። «ደህና ነኝ» አትበዪ።

ዓዲ ሓቂ — ዓርብ

አማርኛዬ ላይ ስህተት ካለ ይቅርታ። መቐለ ነው ያለሁት፣ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ።

ያንቺን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እኛ ጋ ስልክም ባንክም መብራትም ጠፍቶ የነበረ ጊዜ አለ፤ ትምህርት ቤት ዓመታት ዘግቷል። እኔ የምባንነው በአውሮፕላን ድምፅ ነው። አሁን የሚያልፈው የመንገደኛ አውሮፕላን እንደሆነ አውቃለሁ። ጭንቅላቴ ያውቃል፣ አንገቴ አያውቅም።

እኔም ዝም ብሎ መቀመጥ አልሆነልኝም። የሆነልኝ መሄድ ነው። ጠዋት ከዶርም እስከ ላይብረሪ ስሄድ እርምጃዬን እቆጥራለሁ፤ ቀኝ እግር መሬት ሲነካ፣ ግራ ሲነካ። ሐሳብ ሲወስደኝ ከአንድ እጀምራለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ከ10 አልዘልም ነበር። ሌላው ቡና ነው። እናቴ ጋ ስሄድ መቁላቱን እኔ ነኝ የምይዘው። ፍሬው መጀመሪያ አረንጓዴ፣ ከዚያ ቢጫ፣ ከዚያ ሲንጣጣ። ዓይንህን ብትነቅል ያርርብሃል፤ ስለዚህ እዚያው ትሆናለህ።

አንቺ ከወልድያ በኩል እኔ ከመቐለ፣ አንድ ዓይነት ሰዓት ላይ መንቃታችን ልቤን ነክቶታል። 9 ሰዓት ላይ ስትነቂ እኔም ነቅቼ ይሆናል።

የአላውሃ ልጅ — ዓርብ ማታ

ወንድሜ፣ አልቅሼ ነው ያነበብኩት። አመሰግናለሁ። ቡናው ይሆንልኛል። ዕጣኑ ግን ቀብር ያስታውሰኛል፤ ዶርም ውስጥ ልጆቹ ሲያጨሱ እወጣለሁ። ሲስተር «ዝለዪው» ያለችኝን ስላየሁ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ «ዕጣኑን ትታችሁ ቡናውን ብቻ እናፍላ» አልኳቸው። እሺ አሉኝ። ለምን ብለው እንኳን አልጠየቁም።

ጠመኔ — ቅዳሜ

የዩኒቨርሲቲ መምህር ነኝ፣ 14 ዓመት አስተምሬያለሁ። ይህን የውይይት ክር ካነበብኩ በኋላ ሁለት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ክፍል ውስጥ ያረፈደ ተማሪ እንዳይገባ በሩን በኃይል እዘጋ ነበር። ፈዝዞ የተቀመጠ ተማሪ ሳይ ጠረጴዛውን በእጄ መትቼ «የት ነህ?» እል ነበር። ተማሪው ክው ሲል ክፍሉ ይስቃል። ስንቱን ልጅ ምን እንዳደረግኩት አላውቅም።

ስለ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተሠራውን ጥናት እጠቅስ ነበር፤ 616 ተማሪዎች የተካፈሉበት፣ በ2018 እንደ ፈረንጆቹ የታተመ። የ8 ሳምንት ኮርስ የወሰዱት በፈተና ሰሞን ጭንቀታቸው ቀንሶ ተገኝቷል። እኛ ግቢም ይሰጥ ብዬ የተከራከርኩት ይህን ይዤ ነው። አሁን ደግሜ ሳየው፣ በወቅቱ ከባድ የአእምሮ ችግር ላይ የነበሩና በቅርቡ ሰው የሞተባቸው ተማሪዎች ጥናቱ ውስጥ አልነበሩም። ለፈተና ለሚጨነቅ ተማሪ የተገኘን ውጤት ወስጄ ለሁሉም ጠይቄበታለሁ።

ሲስተር፣ እንደኔ ያለ መምህር ምን ያድርግ?

ሲስተር ከተረኛ ክፍል — ቅዳሜ

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ታሪኩን አይጠይቁ፤ እሱ የኛ ሥራ ነው። በር አጠገብ መቀመጥ የፈለገ ይቀመጥ፣ ወጥቶ ውኃ ጠጥቶ የሚመለስ ምክንያት አይጠየቅ። ድምፅ ያለው ነገር ካለ (የላብራቶሪ ሙከራ፣ ቪዲዮ፣ ጀነሬተር) ቀድመው ይንገሩ። ውጤቱ በድንገት የወደቀን ተማሪ ከክፍል በኋላ ለብቻው «ምነው፣ ደህና ነህ?» ይበሉት፤ መልስ ባይሰጥ አይጫኑት። ሥልጠናውን አያስቀሩት፤ የሚሰጠው ሰው ግን መብራቱን እንዳያጠፋና «መውጣት የፈለገ ይውጣ» ብሎ እንዲጀምር ያድርጉ።

የአላውሃ ልጅ — ከሦስት ሳምንት በኋላ

ክሩን ስለከፈትኩት የሆነውን ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ሪፈር አጽፌ ሄድኩ። ወረፋው ረጅም ነበር፤ ሁለት ጊዜ ተነስቼ ልወጣ ነበር። ያየችኝ ሐኪም ወጣት ናት። እዚህ የጻፍኩትን ከስልኬ ላይ አነበብኩላት፣ በቃል መናገር ስላቃተኝ። ዝም ብላ ሰማችኝ፤ ስለ ባትሪው ስነግራት እሷም ትንሽ ዝም አለች። በየሁለት ሳምንቱ እሄዳለሁ፤ መድኃኒትም ጀምሬያለሁ። እስካሁን አፌን ያደርቀዋል እንጂ ሌላ ለውጥ አላየሁም። ጠብቂ ብላኛለች።

ለዶርም ልጆች ነገርኳቸው፤ ሁሉን አይደለም፣ በሩን ብቻ። አንዷ ያረጀ ነጠላ ቀድዳ የበሩ ጠርዝ ላይ ጠመጠመችው። አሁን ሲዘጋ ድፍን ያለ ድምፅ ነው ያለው። ሌሊት አሁንም 9 ሰዓት እነቃለሁ። እጄን ታጥቤ ቀኑን እጠራለሁ፣ ከላይ ያለችውን ልጅ ስም እጠራለሁ (እውነትም ታንኮራፋለች)፣ ከሳምንቱ ሁለት ሦስቱን ቀን ተመልሼ እተኛለሁ። የቀሩትን ቀናት ደብተር ይዤ ኮሪደር እቀመጣለሁ።

ረቡዕ ሚድ ፈተና አለኝ። አዳራሹ ያ ሥልጠና የተሰጠበት ነው። ትናንት ባዶውን ሄጄ አየሁት፤ በቀን ሲያዩት መስኮቱ ብዙ ነው። በር አጠገብ ሦስተኛው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ ብዬ ለመምህሩ ነግሬያለሁ።